ሁለት ምድጃ፣ አንድ ጭልፋ

በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም ላይ ምግብ ቤት ነበረችኝ። ቤቲቱ የቀበሌ ናት፤ ወንበሩና ድስቱ የእኔ። አራት ጠረጴዛ፣ ከጓሮ አንዲት ማድ ቤት፣ ሌላ ምንም። ደሴ ሆቴል ቤት ስድስት ዓመት አስተናግጄ ስመለስ ነው የከፈትኳት። የቄስ ልጅ ምግብ ቤት ከፈተች ተብሎ ያልተባልኩት የለም። ያሉትን ይበሉ! ባል የለኝ፣ መሬት የለኝ፣ ሦስት ልጆቼን የማበላው በእሷ ነበር። እኔም ምላሴ ስለት ስለሆነ የሚሰድበኝን ሰው ሳልመልስለት አላሳልፍም ነበር።

አንድ ዓመት ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ቀበሌው አዳራሽ ለስብሰባ ተጠራን። ከአዲስ አበባና ከደሴ የቱሪዝም ሰዎች ሊመጡ ነው አሉን። ጫካችንን፣ ገደላችንን፣ የጥንቱን ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አይተው፣ አገሩ ለጎብኚ ይሆናል አይሆንም ብለው ሊወስኑ ነው። ለእነሱ የአንድ ቀን ትርኢት ይዘጋጃል፤ የፈረስ ጉግስ አለ፣ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔዎች ሥራቸውን ያሳያሉ፣ የየወረዳው ሽማግሌ ይጠራል፣ ከዚያ ለሁሉም ምሳ። እንዲህ ያለ ነገር በከተማችን ታይቶ አይታወቅም። ሥራውን የሚመራው ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት የመጣ፣ ካኪ የለበሰ ረጅም ወጣት ካድሬ ነበር። ሥራ ሲያከፋፍል እኔ ላይ ደረሰና፣ «መስተንግዶው ያንቺ ነው፤ ደሴ የሠራሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሰው ሲያየኝ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

ቀጠለና፣ «አንድ በሬ ይታረዳል፣ በአንድ ላይ ይበሰላል። ጓዶች፣ አብዮቱ በድስት አይከፋፈልም» አለ። ሁሉም መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። እኛ አገር ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ሰርግም ይሁን ለቅሶ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ማንም በዚህ ተጣልቶ አያውቅም። ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ የሚናገር ግን ጠፋ።

እኔ ታዲያ ዝም ማለት መች አውቅበት! ተነሳሁና፣ «ጓድ፣ የከላላ ሙስሊም ሽማግሌዎች በበቅሎ ቀን ሙሉ ተጉዘው መጥተው፣ ጦማቸውን ሊመለሱ ነው? ይሄ ነው እንግዳ መቀበል? በሬው ይቅር፣ ሁለት ወይፈን ይታረድ። ሁለት ምድጃ እተክላለሁ» አልኩት። አዳራሹ አጉረመረመ። ካድሬው ብዙ አየኝና፣ «ይሁን። ከተበላሸ ግን ኃላፊነቱ ያንቺ ነው። የምግብ ቤትሽን ቤት ኅብረት ሱቁ ሲጠይቀን ከርሟል፤ ከትርኢቱ በኋላ እናየዋለን» አለኝ። ቤቲቱን ሊነጥቀኝ እንደሚችል ገባኝ። ቢሆንም አፌ ያመጣውን አፌ አይመልሰውም፤ «እሺ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ከአጥሬ ማዶ የምትኖር ሙስሊም ጎረቤት ነበረችኝ፤ ወጥ ስትሠራ እጇ የተባረከ፣ ሰርግ ያለሷ የማያምር። «እታለም፣ አንቺን ካላገኘሁ ጉድ ሆንኩ» ስላት፣ «አብሽሪ» ብላ ሳቀች። ድስቷን፣ ማማሰያዋን፣ ጭልፋዋን፣ ቢላዋዋን ሁሉ ከቤቷ ይዛ መጥታ ጓሮዬ ጥግ ምድጃዋን ተከለች። እኔ ከማድ ቤቱ በር ላይ ተከልኩ። በመካከላችን አሥር እርምጃ ያህል ነበር። ዕቃ እንዳይቀላቀል ለሚረዱን ሴቶች ሁሉ ደጋግሜ የነገርኩት እኔ ነኝ።

የትርኢቱ ቀን ሐሙስ ነበር። ማለዳውን ወይፈኖቹ ታረዱ፣ ረፋድ ላይ ሁለቱም ድስት ተንተከተከ። ከሜዳው የፈረሱ ግልቢያና ጩኸት ይሰማናል። ጎረቤቴ፣ «ቅቤው አነሰኝ፣ ላምጣ» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ ወጤን እጨልፋለሁ። ድንገት የማረር ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ዞር ስል የእሷ ድስት ነው፤ እሳቱ በርትቶበታል። እኔ ደግሞ ወጥ ሲያር ቆሜ ማየት አልችልም፣ ሰውነቴ ራሱ ይሄዳል። ሮጬ ሄድኩ፣ ከሥር እስከ ላይ አገላበጥኩት፣ እሳቱን ቀነስኩ፣ «ተመስገን ደረስኩለት» አልኩ። ከዚያ እጄን አየሁት። የያዝኩት የራሴን ጭልፋ ነው። የእኔ ወጥ ገና ይንጠባጠብበታል።

ዙሪያዬን አየሁ። ሴቶቹ እንጀራ እየቆጠሩ ነው፣ ማንም አላየኝም። ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ቦታዬ ተመልሼ ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፣ ዝም ልል ነበር። ማን ያውቃል? ብናገር ምሳው ይበላሻል፣ ያ ካድሬ «ምን ብዬሽ ነበር» ይለኛል፣ ቤቲቱ ትሄዳለች፣ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ? ይሄን ሁሉ አሰብኩ። በኋላ ግን ጎረቤቴ ቅቤዋን በቅል ይዛ፣ እኔን አምና ትታው የሄደችውን ድስት ልትከድን ስትጎነበስ አየኋት። አልቻልኩም።

«እታለም፣ አትክደኚው» አልኳት። «በእኔ ጭልፋ አማስዬዋለሁ። እያረረ ነበር፤ ሳላስብ ነው።»

ፊቷ ጠቆረ። መቆጣቷን አይቻለሁ፣ የማለዳ ድካሟ ነው ያለው እዚያ ድስት ውስጥ። ጭልፋዬን አየችው፣ ድስቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። እኔ እንባዬ ይወርዳል። «ሰው አይቷል?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት። «አላህን ፈርተሽ ነገርሽኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ ደግሞ አንቺን በእንግዳ ፊት ላዋርድ? ድስቱን አውርጂው። ጥሬው ስጋ ቀርቶን የለ? እሱን እኔ እጠብሳለሁ። ለቀረው አብሽሪ።» ነጠላዋን አጥብቃ እየሮጠች ወጣች።

ምን እንደምታደርግ አልገባኝም ነበር። ትንሽ ቆይቶ የጓሮው በር ተከፈተ። አንዷ ሙስሊም ጎረቤታችን ለባሏ የሠራችውን የዶሮ ወጥ ከነድስቱ ይዛ ገባች። ከኋላዋ ሌላዋ የቋንጣ ፍርፍር፣ ሌላዋ ምስር፣ ሌላዋ አይብና ጎመን። አንዲት አሮጊት ደግሞ ሌላ ቢያጡ አምስት የተቀቀለ እንቁላል በሻሽ ቋጥረው መጡ። የሰባት ቤት ምሳ ጓሮዬ ገባ። ያን ቀን የእነዚያ ሴቶች ልጆችና ባሎች ምን እንደበሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። የእጃቸውን ውለታ ምን ብዬ እከፍለዋለሁ? አቅፌ ልስማቸው ስል፣ «ሂጂ ወዲያ፣ እንግዳ እየመጣ ነው!» ብለው ገፈተሩኝ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ የቱሪዝም ሰዎቹም ከእነሱ አጠገብ። ምግቡ ቀረበ። ካድሬው እየዞረ ሲያይ የሙስሊሞቹ ማዕድ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ወጡ በየሳህኑ ሌላ ሌላ ነው። «የሁለተኛው ወይፈን ወጥ የት ገባ?» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ጎረቤቴ ነገሩን በራሷ ልታደርገው አፏን ስትከፍት አየሁ። ቀደምኳት። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ የራሴን ጭልፋ ከተትኩበት። ይሄ የምታዩት እነዚህ ሴቶች ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው ያመጡት ነው» አልኩ። ካድሬው ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና አንድ ነገር ጻፈ። በቃ፣ ቤቲቱ አለቀላት አልኩ።

ከከላላ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ግን ቀና አሉና፣ «ልጄ፣ ስትሳሳቺ ያየሽ ሰው ነበር?» አሉኝ።

«አልነበረም፣ አባባ።»

«ዝም ብትይ በልተን ሄደን ነበር እኮ። አላህ ያክብርሽ፣ ያመጡትንም ያክብርልን።» ይሄን ብለው «ቢስሚላህ» አሉና እጃቸውን ወደ ማዕዱ ሰደዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። እኔ ማድ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

እንግዶቹ ሄዱ። ያን ወጥ ለሰው መስጠት አይቻልም ነበርና ለውሻ ሆነ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ስደነግጥ ሰነበትኩ፣ ድስቶቼን መቋጠርም ጀምሬ ነበር። በሳምንቱ ካድሬው መጣ። ብቻውን አይደለም፤ ሻሽ ያሰሩ፣ የሙስሊም መቁጠሪያ፣ ሙስባሃ የያዙ አሮጊት ክንዱን ተደግፈዋል።

«እናቴ ናቸው» አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ለሕክምና ከገጠር አምጥቻቸው ነው። ስጋ ቢያቀርብላቸው የሚያምኑት ሰው አጥተው ይኸው ቆሎ ቆርጥሞ መዋል ሆኗል። ያች ሁለተኛዋ ምድጃ አለች?»

ወይ ጉድ! አብዮቱ በድስት አይከፋፈልም ያለኝ ሰውዬ! ልስቅ ምንም አልቀረኝ፤ ፊቱን ሳየው ግን አሳዘነኝና ተውኩት። «አለች» አልኩት።

«እንግዲያ ምሳቸው እዚህ ይሁን። እኔ መስክ እወጣለሁ፤ በአንቺ እጅ ትቻቸው ብሄድ አልሰጋም።»

«ቤቱን ለኅብረት ሱቁ ልትሰጡት አልነበረም እንዴ?»

«እናቴ ሱቅ ውስጥ ምሳ አይበሉም» አለኝና ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው።

እኔ ወደ ጓሮ ሮጥኩ፣ አጥሩን ይዤ በአገሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮህኩ፦ «እታለም! ነይ እሳትሽን አንድጂ! ቤታችን ቀረልን!»