እናኑ ደረቷን ያልመታችበት ለቅሶ

እኅቴ እናኑ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ናት። ምላሷ ስለት ነው። ደንበኛ "ሚዛንሽ ይዋሻል" ቢላት "ካንተ አይብስም" ትላለች። የዛሬ ሁለት ዓመት በካንሰር ምክንያት ግራ ጡቷ ሲወጣ እንኳ ሐኪሞቹን "ካልቀረ ሆዴንም ቀንሱልኝ" ብላ አስቃቸዋለች። እኔ መሰረት ግን ታናሿ ነኝና አውቃታለሁ፤ ቤት ገብታ በሯን ዘግታ ነበር የምታለቅሰው።

ጡት መያዣዋ ውስጥ ጥጥ ትወትፍ ነበር። ጥጥ ደግሞ ክብደት የለውም፤ ቅቤ ለመመዘን ጎንበስ ባለች ቁጥር ወደ ላይ ይሸሻል። አንድ ቀን ገበያ መሀል አንገቷ ሥር ደርሶ አገኘችው። "በቃኝ! ለሰው ስመዝን እየዋልኩ እኔ ራሴ ወደ አንድ ጎን አዘንብዬ አልኖርም" አለችኝ። አዲስ አበባ ሄደን ጠየቅን። ዶክተር ምስጢር የምትባል ሐኪም ሲሊኮን የተሞላ ለስላሳ ከረጢት ከደረቷ ጡንቻ ሥር ገብቶ ጡት እንደሚሠራላት አስረዳችን። ይህን የነገርነው ማክሰኝት ላለችው ለአክስታችን ለይመኙሽ ብቻ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችን እሷ ናት። ሌላ ሰው ቢሰማ "በዚህ ዕድሜዋ ለማን ልትታይ ነው" ማለቱ አይቀርም፤ አክስታችን ግን "ሸጋ አድርገው ይሥሩልሽ! አካልሽ ነው፣ ማንን ታስፈቅጃለሽ?" አለቻት።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። ከባድ ነገር እንዳታነሺ፣ እጅሽን ከትከሻሽ በላይ እንዳትሰቅዪ፣ በሆድሽ እንዳትተኚ ተባለች። ሁሉንም ጠበቀች። በሃያ ሦስተኛው ቀን አክስታችን አረፈች።

ወደ ማክሰኝት በሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ ነው ነገሩ ድንገት የመጣብኝ። በእኛ አገር ሴት ያሳደገቻትን ቀብራ እጇን አጣጥፋ አትቆምም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ መሀል ገብታ ደረቷን ትመታለች። ዶክተሯ ይህን መከልከል ትዝ አላላትም፤ እኛም ማን ሊሞት ነው ብለን እንጠይቅ? ደወልኩላት።

"ደረት መምታት? በምን?"

"በእጅ ነዋ ዶክተር፤ በሁለቱም።"

"ለምን ያህል ጊዜ?"

"እስኪደክማት።"

"በፍጹም!" ብላ ጮኸች። ቁስሉ ገና አልጠናም፤ ከተመታ ውስጡ ደም ሊቋጥር፣ ከረጢቱም ቦታውን ሊለቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ መልሶ ማውጣት ሊመጣ ነው። ቄሶቹ ስንት ዘመን ገሥጸው ያላስቆሙትን እሷ በአንድ ስልክ ከለከለችው። እናኑ በመስኮቱ እያየች "እንግዲህ ወይ አክስቴን፣ ወይ ጡቴን" አለች። አልቀለደችም።

ከቀብር መልስ ለቅሶው ደራ። ሴቱ ሁሉ ደረቱን ሲመታ እናኑ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ መሀል ቆመች። ዓይኖቿ አብጠዋል፣ እጇ ግን አልወጣም። ጉርምርምታ ተነሣ። የአክስታችን ልጅ አምሳል በሰው ፊት "ምነው እናኑ? ለእናቴ እጅሽ ከበደሽ?" አለቻት። ልመልስላት አፌን ስከፍት እናኑ ቀደመችኝና ሙሾ አወጣች፦

"ደረቴን አልመታም፣ አትቀየሚ አክስቴ፤
ገና ወር አልሞላው፣ ከተሠራ ጡቴ።"

ሁለት ዓመት ሙሉ በጥጥ የሸፈነችውን ነገር ለዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ተናገረችው። እኔ አፍሬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፈረኝ ማፈሬ ነው። ወንዶቹ አቀረቀሩ። እናኑ ደግማ አወጣችው፤ በሁለተኛው ሴቶቹ ተቀበሏት። አንዲት አሮጊት ከዳር ሆነው "አበጀሽ! እንዳትመቺ ልጄ!" አሉ።

አምሳል እያለቀሰች መጣችና የእናኑን ሁለት እጆች ያዘች። ሐዘን አደናግሯት ድንገት ብትመታስ ብላ ነው። ሙሾው እስኪያልቅ አልለቀቀቻትም፤ እንደተያያዙ አለቀሱ።

ጡቷ ከወጣ ጀምሮ እናኑ ሰው ሊያቅፋት ሲመጣ ጎኗን ነበር የምትሰጠው። በመጨረሻ አምሳል ቀስ ብላ ስታቅፋት ግን ዘወር አላለችም፤ ፊት ለፊት ታቀፈች።