በጫልቱ ፊልም ላይ የሰጠሁት ሂስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ ሳይሰማው ሞተ። ለንስሐ አባቴ ግማሹን ነግሬያቸው ለግማሹ ቀኖና ሰጡኝ፤ ፈጸምሁ። ሌላው ግማሽ ከእኔ ጋር አርጅቷል። እርስዎ ይህን የሚያነቡት አያውቁኝም፤ ለእርስዎ መናገር የቀለለኝም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ያደረግሁት ነገር ሲናገሩት ትንሽ ነው። በሰው ፊት ቆሜ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። በዚያ ጥያቄ የጓደኛዬን ወንድም አስያዝሁት። አልተመለሰም።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን የማትሪክ ውጤት በምንጠብቅበት ክረምት፣ በቀበሌያችን አዳራሽ የጋዜጠኝነት ትምህርት ተከፈተ። አዳራሹ ከሾላ ገበያ ብዙም አይርቅም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው አስተማሪው እስኪያባራ ዝም ይሉ ነበር። አስተማሪያችን ጋሽ አሥራት ከመሥሪያ ቤታቸው ቪዲዮ ካሜራ ተውሰው ያመጡልናል። በትከሻ የሚያዝ፣ ለሴት ልጅ የሚከብድ ካሜራ ነበር። የሬዲዮ ዜና አዳምጠን እንመጣለን፤ ከዜናው አንዱን እንመርጥና በሰፈራችን ምን እንደሚመስል ቀርጸን እናሳያለን። ከዚያ ሂስ ይደረጋል። በዚያ ጊዜ ስብሰባ ሁሉ በሂስና በግለ ሂስ ነበር የሚያልቀው። ስህተት ሳያገኙ መቀመጥ እንደ ስንፍና ይታይ ነበር፤ አንዳንዴም ከስንፍና በከፋ ስም ይጠራ ነበር።

እኔ በሂስ ጎበዝ ነበርሁ። ጋሽ አሥራት «ይቺ ልጅ ዓይን አላት» ይሉኝ ነበር። ከዚያ በፊት ስለ ምንም ነገሬ ያመሰገነኝ ሰው አልነበረም። ከመካከላችን አንድ ሰው ተመርጦ ሬዲዮ ጣቢያ ለሥልጠና ይላካል ተብሎም ነበር። እኔ ልሆን ፈለግሁ። እጅግ ፈለግሁ።

ጫልቱ ከሕፃንነት ጀምሮ ጎረቤቴ ናት። ቤታቸው ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነበር። አባቷ ሞተዋል። እናቷ እማማ ጥሩነሽ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ሲቆጡም ሲያቆላምጡም ግን በኦሮምኛ ነበር የሚናገሩት፤ እኔንም «ኢንታላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ታላቅ ወንድሟ ገመቹ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ሲመጣ ወለጋ ዘመድ ጋ ሄደ ተባለ። ወንድ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ይል ስለነበር ማንም አጥብቆ አይጠይቅም።

የሳምንቱ ዜና ስለ መሠረተ ትምህርት ነበር። ጫልቱ እናቷን ቀረጸች። እማማ ጥሩነሽ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በጣታቸው እየተከተሉ ጋዜጣ ያነባሉ። «እኔና ልጄ ብቻ ነን እዚህ ቤት፤ ማታ ማታ እሷ ታስጠናኛለች» ይላሉ። ካሜራው ከእሳቸው ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ወዳለው የምስክር ወረቀት ይሄዳል፤ እሳቸው ማንበባቸውን አያቋርጡም። ከዚያ ወደ እሳቸው ይመለሳል። ያ ብቻ ነበር። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ጋሽ አሥራት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ለእኔ ፊልም መነጽራቸውን አውልቀው አያውቁም።

ያን ቀን የወጣቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሽፈራው ከኋላ ተቀምጦ ነበር። አይቼዋለሁ። አላየሁትም ብዬ አልዋሽም።

ተነሣሁ። «አንድ ጉድለት አለው» አልሁ። በመጀመሪያ ከእማማ ጥሩነሽ ጀርባ፣ ጓሮው ውስጥ በልብስ ማድረቂያው ገመድ ላይ ግራጫ የወንድ ሱሪ ተሰጥቷል። ዝናብ ማካፋት ይጀምራል። ካሜራው ወደ ግድግዳው ሄዶ ሲመለስ ሱሪው የለም። «እናትየው ተቀምጠው እያነበቡ ነው፣ ድምፃቸው አልተቋረጠም። ጫልቱ ካሜራ ይዛለች። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም ተብሏል። ታዲያ ሱሪውን ማን አነሣው?»

ሳቅ ሆነ።

«ራሱ ተራምዶ ሄዷላ!» አለ አንዱ።

«የእንጦጦ ጅብ ነው!»

«ጅብ ሱሪ ምን ያደርግለታል?»

«ለብሔራዊ ውትድርና ሊመዘገብ!»

እዚህ ላይ ሳቁ ቆመ። የቀለደው ልጅ አንገቱን ደፋ። ጋሽ አሥራት ቶሎ ብለው «ጥሩ፣ ወደሚቀጥለው ፊልም እንለፍ» ሲሉ ጓድ ሽፈራው ከኋላ «ቆይ እስቲ» አለ። «የማን ሱሪ ነው፣ ጫልቱ?»

«የአባቴ» አለች።

«ነፍሳቸውን ይማር። ዝናብ እንዳይመታባቸው መጥተው አነሡታ።»

ማንም አልሳቀም። ጫልቱ እኔን አየችኝ። በቁጣ አልነበረም። አንድ ነገር እንድል ነበር የጠበቀችው። ምን ማለት ያቅተኝ ነበር? ነፋስ ጥሎት ይሆናል፣ ተሳስቼ ይሆናል፣ ደግመን እንየው ማለት እችል አልነበረም? አስተማሪው በሩን ከፍተውልኝ ነበር እኮ። እኔ ግን ተቀመጥሁ። ስቀመጥ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልክ በመሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ገመቹን ከጓዳ አውጥተው ወሰዱት።

እማማ ጥሩነሽ እኛ ቤት መጡ። «ኢንታላ ኮ፣ አንቺ በሰው ፊት መናገር ታውቂያለሽ፤ ቀበሌ አብረሽኝ ሂጂና ለምኝልኝ» አሉኝ። ጫልቱ ለእናቷ አልነገረቻቸውም ማለት ነው። ሄድሁ። ምን ብዬ አልሄድም እላለሁ? ጓድ ሽፈራው ጠረጴዛው ላይ ሻይ እየጠጣ ነበር። እማማ ጥሩነሽ እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ «ኧረ እናቴ፣ ይነሡ፤ ለእናት አገር ነው የሄደው» አላቸው። ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

«አንቺ ደግሞ ጎበዝ ነሽ። ዓይንሽ አይታማም።»

ለልመና ሄጄ አንዲት ቃል ሳልናገር ወጣሁ። መንገድ ላይ እማማ ጥሩነሽ «ምን ማለቱ ነው?» አሉኝ።

«እንጃ፣ እማማ» አልሁ።

ክንዴን ይዘው፣ በእኔ ተደግፈው፣ ዳገቱን ወጡ።

ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሌላ ሰው ተላከ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ከገመቹ አንድ ጊዜ ከሰሜን ሰላምታ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ሲገባ እማማ ጥሩነሽ መገናኛ እየወረዱ ይቆሙ ነበር። አንዳንድ ቀን አብሬያቸው ቆሜያለሁ። በዱላ ተደግፎ ያለፈውን ሁሉ «ገመቹን ታውቀዋለህ፣ ልጄ?» ብለው ይጠይቁታል። የሚመልሱላቸው ጥቂቶች ነበሩ። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ስንት ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ? ብነግራቸው ማንን ይደገፉ ነበር እያልሁ ዝም አልሁ። ይህም ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነው፤ የእውነቱ ምክንያት ፍርሃት ነበር። ሳያውቁ ሞቱ።

በለቅሷቸው ሦስተኛ ቀን ጫልቱ ከድንኳኑ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከሰላምታ አላለፍንም ነበር። «የዚያን ጊዜውን ነገር ከልብሽ አውጪው» አለችኝ። «አላወቅሽም ነበር። ልጅ ነበርሽ፣ ፊልም ነው ያየሽው። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ።» አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም «አዎ፣ አላወቅሁም ነበር» አልኋት።

እስከዚህ የጻፍሁትን ጫልቱ ታውቀዋለች። ንስሐ አባቴም የሰሙት ይህን ነው። የቀረው የሚከተለው ነው።

ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ባለው ሳምንት ካሜራውን ላደርስላት ቤታቸው ሄጄ ነበር። እማማ ጥሩነሽ ብቻቸውን ነበሩ። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሰው ሳለ። የወንድ ሳል ነው፤ ታፍኖ ያመለጠ። እማማ ጥሩነሽ ሬዲዮውን ከፍ አደረጉና አዩኝ። እጄን ያዝ አድርገው ለቀቁት። ይህ አደራ መሆኑን ማን ሊያስረዳኝ ያስፈልግ ነበር? ገመቹ መሆኑን አወቅሁ። ለማንም እንዳልናገር በልቤ ቃል ገብቼ ወጣሁ።

ስለዚህ ያን ጥያቄ ስጠይቅ መልሱን አውቅ ነበር። ሱሪውን ማን እንዳነሣው አውቅ ነበር። ጭብጨባውን ሰማሁ፣ መነጽሩ ሲጠረግ አየሁ፣ ተነሣሁና ጠየቅሁ። እንዲያዝ ፈልጌ ነበር? አልፈለግሁም። ግን በዚያች ሰዓት ከመያዙ ይልቅ የእኔ መመስገን በልጦብኝ ነበር፤ ይህ ከመፈለግ ያንሳል ወይስ ይበልጣል? እኔ አልችልም፤ እርስዎ ይፍረዱ።

ጫልቱ ዛሬ ሲግናል በሚባለው ሰፈር ከልጇ ጋር ትኖራለች። ዓይኗ ስለደከመ የልጅ ልጇ ናት የምታነብላት፤ ይህንንም ታነብላታለች። ጫልቱ፣ ይቅር ያልሽው ያላወቀችውን ልጅ ነው። እሷ ኖራ አታውቅም። እናትሽ እጄን ይዘው ነበር። የማይገባኝን ይቅርታሽን ይህን ሁሉ ዓመት ይዤ ቆየሁ፤ መልሼልሻለሁ። ሌላ እንድትሰጪኝ አልለምንሽም።