የጎሚስታው ቢላ

ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል እንጂ የኮሌጅ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ጢሙ ገና ሳያቀመቅም ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ገብቶ፣ ጢሙ ሲሸብትም እዚያው ማሽን ፊት የቆመ ሠራተኛ ነው። ስሙን ያወጡለት ከደረት ኪሱ በማትለየው ካሊፐር የተነሣ ነው። የጎረቤት በር አልዘጋ ሲል በእሷ ይለካል፤ ሚስቱ ሽንኩርት ገዝታ ስትመጣ እንኳ አንዱን ከአንዱ ለክቶ ያስቃታል። በሰፈሩ እሱን ሳያማክር ምስማር የሚገዛ የለም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ከቶርኖ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ጋራዡ ደጃፍ ላይ፣ ጎማ የሚነፋና የሚለጥፍ ጎሚስታ አለ። የኢንጂነር የልብ ጓደኛ ነው፤ ልጆቻቸው ሳይወለዱ ጀምሮ ሻይ የሚጠጡት አንድ አግዳሚ ላይ ነው። በሻይ ሰዓት ተናጋሪው ኢንጂነር፣ አዳማጩ ጎሚስታው ነበር።

«ብረት በደንብ ሲግል ማግኔት አይስበውም» ይላል ኢንጂነር፣ ብርጭቆውን እንደያዘ። «ያኔ ነው ዘይት ውስጥ የሚነከረው። ከዚያ በዝግታ ታሞቀውና የገለባ ቀለም ሲይዝ ታቆማለህ። ሳታሞቀው ከተውከው እንደ ብርጭቆ ይሸረፋል፤ ካበዛህበት ደግሞ ይለዝባል።»

«አሃ!» ይላል ጎሚስታው። ጎማ የሚያስለጥፍ መኪና ይመጣና ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል።

የኢንጂነር ሚስት በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ምግብ አብሳይ ናት። ቀኑን ሙሉ የምትከትፈው ክምር ነው፤ ማታ ክንዷን እያሸች ትገባለች። «አንተ ብረት እንደ ክር የምትፈትል ሰውዬ፣ እኔ በደነዘ ቢላ ስገዘግዝ ስውል አታዝንልኝም?» ትለዋለች።

«ይሠራል። ደህና ብረት ይገኝ ብቻ። ላንቺማ ዝም ብሎ ቆርቆሮ አይሠራም።»

ደህናው ብረት ሳይገኝ ዓመት ዓመትን ወለደ። ቢላው ግን በኢንጂነር ጭንቅላት ውስጥ ተሠርቶ ካለቀ ቆይቷል። ርዝመቱን፣ ውፍረቱን፣ የስለቱን ማዘንበል፣ ሁሉንም ያውቀዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መንገዱን ተሻገረና «እሑድ ከጋራዡ ጀርባ ና። ሚስትህንም ይዘሃት ና» አለው።

«ምን ተገኘ?»

«ቢላ ቀጠቀጥኩ። ከተጣለ የመኪና ባሌስትራ። አንተ ካልፈተንክልኝ ግን ቢላ ነው ብዬ አልጠራውም።»

ኢንጂነር ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። እሑድ እስኪደርስ ድረስ ራሱን ሲያጽናና ሰነበተ። ጎማ ለጣፊ ከመቼ ወዲህ ነው ቢላ የሚቀጠቅጠው? ወይ ይጣመማል፣ ወይ በመጀመሪያው ምት ለሁለት ይከፈላል። እያሰበው ሄዶ ሄዶ አዘነለት፤ የማጽናኛ ቃል ሁሉ አዘጋጀለት፦ «ለመጀመሪያ ጊዜ መጥፎ አይደለም፣ አይዞህ» ሊለው።

እሑድ ጠዋት ከጋራዡ ጀርባ፣ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጎሚስታው የኤሌክትሪክ ገመድ የሚጠቀለልበትን ትልቅ የእንጨት ጎማ በጎኑ አጋድሞ ጠረጴዛ አድርጎት ጠበቃቸው። በላዩ ጥቅል ጎመን፣ ዱባና ከሥጋ ቤት የመጣ የቅልጥም አጥንት ተደርድሯል። የጋራዡ ሽማግሌ ዘበኛም ወሬ እንዳያመልጣቸው በርጩማቸውን ይዘው መጥተዋል።

ጎሚስታው ቢላውን ከጆንያ ጨርቅ ፈታው። ሰፊ ነው፤ ጀርባው ላይ የመዶሻው ዱካ ጠቁሮ ቀርቷል፣ ስለቱ ግን እንደ ውሃ ያበራል። ኢንጂነር ካሊፐሯን አወጣ።

«ጀርባው እኩል አይደለም። እዚህ ጋ ይወፍራል።»

«ልክ ነህ» አለ ጎሚስታው።

«እጀታውም ወፍራም ነው።»

«እሱም ልክ ነህ።»

ዘበኛው ትዕግሥታቸው አለቀ። «ይቆርጣል ወይስ አይቆርጥም? ሱፍ ልታሰፋለት ነው እንዴ የምትለካው?»

ሚስቲቱ እየሳቀች ቢላውን ከባሏ እጅ ወሰደችው። ጎመኑን ያዘችና ጀመረች። ቢላው ጎመኑ ላይ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ልስልስ ያለ፣ የማይደናቀፍ ነበር፤ ጎመኑም እንደ ክር እየቀጠነ ተከመረ። ዱባውን ስትመታው በአንድ ምት ለሁለት ተገመሰና ግማሹ ከጠረጴዛው ተንከባሎ ዘበኛው እግር ሥር ቆመ።

«ውይ! ክንዴ መቁረጡንም አላወቀ!» አለች። ቢላውን አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ወደ ጎሚስታው ዞረች። «እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ። እጅህ ይባረክ!»

ኢንጂነር ይህን ምርቃት ያውቀዋል። የበር ማጠፊያ ሲጠግንላት፣ ምድጃ ሲያስተካክልላት ብላዋለች። በዚህ ድምፅ ግን ብላው አታውቅም።

«ደስ ካለሽ ያንቺ ነው» አለ ጎሚስታው፣ አንገቱን እያከከ። «ስቀጠቅጠውም ላንቺ ብዬ ነው። ቢላዬ ደነዘ፣ ክንዴ አለቀ ስትዪ ስንት ጊዜ ሰማሁሽ።»

«ለሚስቴ?» አለ ኢንጂነር።

«ለእህቴ» አለ ጎሚስታው። ከልቡ ነበር። ከልቡ መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ ሰውዬው ክፉ ቢሆን ቢያንስ መጥላት ይቻል ነበር።

«ወዲህ በይው። በጎመን የተፈተነ ቢላ ተፈተነ አይባልም» አላት ኢንጂነር።

አጥንቱን መታው፤ ተቆረጠ። ደረቅ ግንድ ጎትቶ አንጓው ላይ አሳረፈበት፤ ስንጣሪው በረረ እንጂ ስለቱ ንቅንቅ አላለም። ዙሪያውን ሲቃኝ ግድግዳው ሥር የወደቀ የፌሮ ብረት ቁራጭ አየና አነሣው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ሚስቱ። «ተማሪዎቹን ፌሮ አላበላም እኮ!»

ጎሚስታው ለአፍታ ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ «ተዪው እህቴ። የሚሰበር ከሆነ ብረት የሚያውቅ ሰው እጅ ላይ ይሰበር» አለ።

ኢንጂነር ክንዱን አነሣ። የወረደው ምት የፈታኝ ምት አልነበረም፤ ቂም ያለበት ሰው ምት ነበር። ብረት ብረትን ሲመታ ዛፉ ላይ የነበሩት ወፎች ግር ብለው ተነሡ። በዚያች ቅጽበት የተመኘውን ለሚስቱም ለንስሐ አባቱም ሊነግር አይችልም፤ እንዲሰበር ተመኝቶ ነበር።

ቢላው አልተሰበረም። ስለቱ ላይ ግን የምስር ፍሬ የምታህል ጉድለት ታየች። ኢንጂነር ልቡ ዘለለች፤ ፊቱን ግን እንደ ለቀስተኛ አጨፍግጎ «ይኸውልህ እንግዲህ» አለ።

ጎሚስታው ቢላውን ወደ ፀሐይ አዞረው። ጉድለቷን በጥፍሩ ዳበሳት። ድንገት ፊቱ በራ።

«አልተሸረፈም! ታጠፈ እንጂ አልተሸረፈም! አየህ? ቢደርቅ ኖሮ ይሸረፍ ነበር። አንተ አይደለህ እንዴ ያልከኝ? የገለባ ቀለም ሲይዝ አቁም ያልከኝን ነው ያደረግኩት። ልክ እዚያች ላይ አቆምኩት!» ብሎ አንገቱን አቀፈው።

ኢንጂነር እንደ ግንድ ደርቆ ታቀፈ። ቢላው ውስጥ ያለው እውቀት ሁሉ የእሱ ነው፤ አንዲት የመዶሻ ምት ግን የእሱ አይደለችም። ዘበኛው ከበርጩማቸው ላይ ሆነው «ፊት የወጣን ጆሮ፣ በኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው» አሉ። ለማን እንዳሉት የጠየቃቸው የለም።

ሰኞ ሚስቱ ቢላውን እጁ ላይ አኖረችለት። «ያጎደልከው አንተ ነህ፣ አንተው አስተካክልልኝ።»

በቶርኖ ቤቱ የሚሽከረከር የመሞረጃ ድንጋይ ፊት ቆመ። ስለቱን ትንሽ ጠበቅ፣ ትንሽ ቆየት ቢያደርገው ይግላል፤ ከጋለ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊ ከሆነ ለዘለዓለሙ ይለዝባል። ማንም አያውቅም። ከወር በኋላ «ያ የጎሚስታ ቢላ እኮ ደነዘ» ይባላል፣ አለቀ። ማሽኑን አስነሣና ስለቱን አስጠጋ። ብልጭታው ደረቱ ላይ ተበተነ። ትንሽ ቆየ። አሁንም ትንሽ ቆየ። የስለቱ ጫፍ ቡናማ መሆን ሲጀምር እጁ ቢላውን መንጭቆ ውሃ ውስጥ ከተተው። ሕሊናው ይሁን ብረት ማቃጠል የሚያፍር እጁ፣ ለይቶ መናገር አይችልም። ማሽኑን አጠፋና በድንጋይና በዘይት፣ በእጁ፣ ቀስ ብሎ ሳለው። ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮው መረረው። ሚስቱ ቢላዋን በፎጣ ጠቅልላ ሥራ ትሄዳለች፣ በፎጣ ጠቅልላ ትመለሳለች። ባልደረቦቿ ማን ሠራልሽ ሲሏት ምን ብላ እንደመለሰች እራት ላይ ታወራለታለች። «የባሌ ጓደኛ አልኳቸው። ለእኛም ይሥራልን አሉ።» እሱ እንጀራውን ይገፋል።

«ምነው፣ ጨው በዛበት?»

«የለም። ደህና ነው።»

ሻይ ላይም ወሬው ነጠፈ። ሥራ በዛብኝ እያለ ከአግዳሚው ቀረ። ጎሚስታው ግራ ገባው፤ ደጋግሞ ብርጭቆ ይዞ መንገዱን ተሻግሮ ቢመጣም ኢንጂነር ማሽኑን አላጠፋም።

አንድ እሑድ ግን ልብስ ልገዛ ነው ብሎ ከቤት ወጣና እግሩ ወደ ጋራዡ ጀርባ ወሰደው። ጎሚስታው በአሮጌ የመኪና ቸርኬ ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ጎማ በሚነፋበት ኮምፕሬሰር እፍ እያለበት፣ የሐዲድ ቁራጭ ላይ ብረት እየቀጠቀጠ ነበር። ኢንጂነርን ሲያይ ለምን እንደጠፋ አልጠየቀውም።

«የማን ነው ደግሞ?» አለ ኢንጂነር።

«የአማቴ። አፏን ከዘጋልኝ ብዬ።» ጉጠቱን በሁለት እጁ ያዘና በአገጩ ወደ መዶሻው አመለከተ። «ብቻዬን አቃተኝ። ና ምታልኝ።»

ኢንጂነር መዶሻውን አነሣ። ስለ ጋለ ብረት የማያውቀው አልነበረም፤ የጋለ ብረት ግን መትቶ አያውቅም። የመጀመሪያው ምት ተንሸራቶ ሐዲዱን አገኘው። ሁለተኛው ለብረቱ ጠማማ ጠርዝ አወጣለት። ጎሚስታው ሳቀ።

«ጉጠቱን ጠበቅ አድርገህ ያዝ እንጂ አንተ!» ብሎ ጮኸበት ኢንጂነር፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

«ይዣለሁ። አንተ ትከሻህን ልቀቀው።»

ቅናቱ ለቀቀው ቢባል ውሸት ነው። ጎማ ለጣፊ ትከሻህን ልቀቀው ሲለው ጆሮው ግሏል። ትከሻውን ግን ለቀቀው። ሦስተኛው ምት ሲያርፍ ብረቱ ከሥሩ እንደ ሊጥ እሺ ሲል ተሰማው፤ ደስ አለው፣ ደስ ማለቱም አናደደው።

«እሱን ነው!» አለ ጎሚስታው። «ድገመው፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ደገመው።