በጀርባዬ ያዘልኩት ምሳ

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜን ልጆች ይዤ ከቦሌ አራብሳ ወደ ቦሌ ወረድኩ። መዝናኛ ፓርክ ካልወሰድሽን ብለው ሳምንቱን ሙሉ ነዝንዘውኝ ነበር። በሩ ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፈተና በወረቀት የጠቀለልኩትን ዳቦ በእንቁላል ብድግ አድርጎ አሳየኝ።

«ምግብ ማስገባት አይቻልም፣ እማማ» አለኝ።

እማማ! አርባዎቹን እንኳን ገና ሳልጨርስ። ልጁ ሥራውን ነው የሠራው፤ አልተጣላሁትም። ዳቦውን እዚያው በር ላይ ለልጆቹ አከፋፍዬ፣ ጉንጫቸው እንዳበጠ ይዣቸው ገባሁ። ግን እጁ ቦርሳዬ ውስጥ ሲገባ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። ከዚህ በፊትም በእንዲህ ዓይነት በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ሊያዝብኝ የነበረው ግን ዳቦ ብቻ አልነበረም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቦሌ ቡልቡላ ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት ሁሉ ያኔ ማሳ ነበር፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ይቀማል፣ ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ነፋሱ የእህል ሽታ ይዞ በመስኮት ይገባል። አባቴ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። የወሎ ሰው ነው፤ ቃል ከሰጠ ቢሞት አይመለስም። ለዒድ የአጎቴ ልጆች ከኮምቦልቻ ቀደም ብለው መጡና፣ አባቴ በኢፍጣር ላይ ደስታ ሞቅ አድርጎት «የዒድ ማግስት ሁላችሁም መዝናኛ ፓርክ ትሄዳላችሁ፣ ወላሂ!» አለ። ልጆቹ ጮኹ፤ ሁለቱ ወንድሞቼ ጠረጴዛው ላይ ሊወጡ ደረሱ። እናቴ ብቻ ልጆቹን በጣቷ ቆጠረች። አባቴ መግቢያቸውን አሰበ፤ ሆዳቸውን የሚያስበው ማን ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ሁሉ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ ሳይበላ አይመለስም። ውስጥ የሚሸጠው በርገር የእስላም ሥጋ አይደለም፤ ቢሆንም እንኳ ዋጋው አይቀመስም ነበር። ወጥቶ በልቶ መመለስ የለም፤ አንዴ ከወጣችሁ ትኬቱ ሞተ። ከቤት ይዞ መግባት ደግሞ ክልክል ነው፤ ጎረቤታችን ባለፈው ዓመት አንድ ሙሉ ሰሃን ቂጣ ፍርፍር በሩ ላይ ተቀምታ እያለቀሰች ተመልሳለች።

እናቴ ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፈች «ልጅ አዝሎ መግባት ይከለከላል እንዴ?» አለችኝ።

«አይከለከልም።»

«እንግዲያው ምሳው ይታዘላል።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። እኛ ዘንድ የተሸፈነ ሕፃን ገልጦ የሚያይ ሰው ባለጌ ነው፤ ዓይን ይፈራል፣ በተለይ አርባ ቀኑ ላይ ያለ ሕፃን። ያውም ፈታሽ ይሁን ሌላ፣ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እናቴ የተማመነችው በዚህ ነው። የዒድ ማግስት ጠዋት ፍርፍር ሠርታ በየፌስታሉ አደረገች፤ ፌስታሎቹን አንድ ላይ አስራ በፎጣ ጠቀለለቻቸው፤ የተቀቀለ እንቁላል በጎን በጎኑ ሸጎጠች። ከላይ ክብ ድፎ ዳቦ አስቀመጠችና የታናሽ ወንድሜን የድሮ የሱፍ ኮፍያ አጠለቀችለት። ከዚያ ሁሉንም በብርድ ልብስ ሸፈነችው። ወላሂ፣ ካላወቅሁት እኔም እስመው ነበር። እሷን ወገቧን ስለሚያማት ማዘሉ ለእኔ ደረሰ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አለዚያ የደረሰብኝ አይገባችሁም። ከረመዳን በፊት ለእኔ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ልጁ ከማል ይባላል፤ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ከእናቱ ከሐጃ ሩቂያ ጋር ሱቅ ይሠራል። ከእኔ ጋር ከሰላምታ አልፈን ብዙ አላወራንም፤ ግን ሱቃቸው ስገባ ሚዛኑን ይስታል፣ እኔም የመጣሁበትን እረሳለሁ። ወደድኩት፤ ምን እደብቃለሁ? አባቴ ለሽማግሌዎቹ «ከዒድ በኋላ ተመለሱ» ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷል። ሐጃ ሩቂያ ቁም ነገረኛ ሴት ናቸው፤ የሚመርቋት ሙሽራ ስሟ እንደ ነጭ ሻሽ የጠራ እንዲሆን እንደሚሹ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ያን ቀን በጀርባዬ ምሳ ብቻ አልነበረም፤ ስሜም ነበር። እኔ ያወቅሁት ግን በሩ ላይ ስደርስ ነው።

አባቴ በሚኒባሱ አድርሶን ወደ ሥራው ሄደ። የእናቴን ተንኮል አልሰማም፤ ቢሰማ ቤት ያስቀረን ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሁሉም የዒድ ልብሱን ለብሷል። ፍርፍሩ ትኩስ ስለነበር ጀርባዬን ይፈጀኛል። አንዱ ፌስታል ሳይቀደድ አልቀረም፤ የሆነ ነገር በወገቤ በኩል ቀስ እያለ ሲወርድ ይሰማኛል።

ፈታሿ ወፍራም፣ ፈገግታዋ ደስ የሚል ሴት ነበረች። የእናቴን ቦርሳ ስትፈትሽ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ሕፃኑ ነው፤ ቅቤ ተቀብቶ ነው» አለች እናቴ ሳታቅማማ።

ፈታሿ ወደ እኔ ዞረች። «ስንት ወሩ ነው?» አለችኝ። እናቴ «አርባው ገና ትናንት ወጣ» አለችልኝ። ሴትየዋ እናቴን አየች፣ ሽበቷን አየች፣ መልሳ እኔን አየች።

«የማን ነው ታዲያ?»

«የሷ ነው» አለች እናቴ፤ «የበኩሯ።»

ፈታሿ «ያሳድገው» ብላ እጄን ነካ አድርጋ አሳለፈችኝ። በዚያው ቅጽበት ከኋላዬ አንድ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። ዞር ስል ሐጃ ሩቂያ ናቸው፤ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን በግራና በቀኝ ይዘው ቆመዋል። ፊቴን አዩ። ጥቅሉን አዩ። ከዚያ እንደገና ፊቴን አዩ።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ ለእናቴ።

«ወ... ወአለይኩሙ ሰላም» አለች እናቴ። ፊቷ አመድ መሰለ።

የፈታሿ እጅ ገና ከእኛ አልራቀም፤ አሁን አፌን ብከፍት ምሳው ይወሰዳል፣ ልጆቹም ከበሩ ይመለሳሉ። አፌን ብዘጋ ያለ ጋብቻ የወለድኩ ልጅ ነኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ውስጥ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ሽክርክሪቱ ይዞራል፣ ልጆቹ በኤሌክትሪክ መኪናው እየተላተሙ ይስቃሉ። እኔና እናቴ ግን አጥር ጥግ ካለች ዛፍ ሥር እንደ ለቀስተኛ ተቀምጠናል።

«ምን ሆነሽ ነው የኔ ነው ያላልሽው?» አልኳት።

«ሽበቴን እያየች! ማን ያምነኛል?» አለችና ግንባሯን መታች። «ምላሴን በቆረጠው። ልሂድና ልንገራቸው።»

«እንዳትሄጂ» አልኳት። «እናት ልጇን ለመሸፈን ምን አትልም ይላሉ።»

ሐጃ ከፓርኩ ኩሬ አጠገብ ያለች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ስልካቸውን አወጡ። ራቅ አድርገው ይዘው ቁጥር ሲፈልጉ ከሩቅ አየኋቸው፤ ከዚያ ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ለከማል ነው የሚደውሉት፤ ለሌላ ለማን ይሆናል? አባቴ ታወሰኝ። ቀጠሮውን ሲሰጥ እንዴት ደረቱን ነፍቶ እንደነበር፣ ይህን በታክሲ ተራ ላይ ከሰው አፍ ሲሰማ ምን እንደሚሆን።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጆቹ መጡ። «ራበን!» ከአጎቴ ልጆች ትንሿ ቀሚሴን ይዛ «ምሳችንን አውርጂው እንጂ» አለችኝ፣ ያውም ጮክ ብላ። እናቴ አፏን ያዘችባት። አንድ ጥበቃ ደግሞ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ከአንድ ቤተሰብ ላይ ሙዝና ዳቦ ነጥቆ ሲያስወጣቸው በዓይናችን አይተናል። ጥቅሉን እዚያ ሜዳ ላይ ብፈታው ሁላችንም በዚያ በር እንወጣለን። ልጆቹ ገና ባቡሩ ላይ እንኳ አልወጡም።

ብድግ አልኩ። እናቴ «ወዴት ነው?» አለች። ምን እንደምል ሳላውቅ፣ የሁሉንም ምሳ በጀርባዬ ይዤ ወደ ሐጃ ሄድኩ። ስደርስ ቀና ብለው አላዩኝም።

«ሐጃ፣ አጠገብዎ ልቀመጥ?»

«አግዳሚው የእኔ አይደለም» አሉ።

ተቀመጥኩ። ጥቅሉን ፈትቼ ከጀርባዬ ወደ ጭኔ አዞርኩት፤ እናት ልታጠባ ስትል እንደምታደርገው። ሻሌን ከላይ አለበስኩት። ከዚያ በሳቸው በኩል ያለውን የሻሌን ጫፍ ትንሽ ገለጥ አደረግሁ።

«ይዩት» አልኳቸው። እንባዬ መጣ። «እባክዎ ይዩት፣ ሐጃ።»

ማየት አልፈለጉም። የተሸፈነ ሕፃን ነዋ። ለምኜ ለምኜ በመጨረሻ ጎንበስ አሉ። ድፎው ኮፍያውን አጥልቆ ቁጭ ብሏል፤ ከሥሩ አንድ እንቁላል ብቅ ብሏል። እኔ እየቀበጣጠርኩ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ትኬቱ፣ ስለ በርገሩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ኮፍያ ደግሞ አድርጋችሁለታል» አሉ በመጨረሻ።

ልመልስ ስል ዓይናቸው ከኔ አልፎ ሄደ። ጥበቃው ወደ እኛ እየመጣ ነው፤ ሽታው ሳይስበው አልቀረም። ሐጃ ግን ሰፊውን ነጠላቸውን ዘርግተው እኔንም ጥቅሉንም አንድ ላይ ከደኑንና ጮክ ብለው «ዞር በል የኔ ልጅ፣ አራስ ናት፤ እያጠባች ነው» አሉት። ልጁ ፊቱ ቀልቶ «ይቅርታ እናቴ» እያለ ጀርባውን ሰጥቶን ሄደ።

ሲርቅ ሐጃ ቀስ ብለው ቀሚሴን ከኋላ ሳብ አድርገው አዩት። ከወገቤ እስከ ታች ቀይ ዘይት ወርዶበታል።

«ሕፃን በርበሬ እንደማይሸና ማወቅ ነበረብኝ» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እኔም የማለቅሰው ከሳቅ ጋር ተደባለቀብኝ። ሳቃቸው ሲበርድ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ለከማል ደውዬለት ነበር» አሉኝ። «አላነሳም። አላህ ነው ያላስነሳው።» እጄን ያዙኝና ለረጅም ጊዜ አለቀቁኝም።

ከዚያማ ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ በሐጃ ነጠላ ሥር ጎረሱ። የሳቸውም የልጅ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ድንች ጥብስ ብቻ ነበር የበሉት፤ ሐጃ የማያውቁትን ሥጋ አያስነኩም። ዳቦው ሲቆረስ ትንሿ የአጎቴ ልጅ ጭንቅላቱን አልበላም ብላ አስቸገረችን። ሐጃ ፍርፍሩን ቀመስ አድርገው «ጨው አንሶታል» አሉ፤ እናቴ በጣም ተቀየመች። ባቡሩ ላይም ሁሉም ወጡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ፤ አባቴም ሰጠኝ። ያን ቀን ምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አያውቅም።

እኔና ከማል ልጅ አልወለድንም። ያልሄድንበት ሐኪም፣ ያልጠየቅነው ዱዓ የለም። ዓመታት ሲነጉዱ የከማል ዘመዶች ከወሎ ተሰብስበው መጡ፤ «ዘሩ ይጥፋ ወይ? ሁለተኛ ያግባ» አሉ። እኔ ከማዕድ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ከማል ሊናገር ሲል ሐጃ ቀደሙት። «ይህቺን ልጅ» አሉ፣ «ስሟ በሰው ፊት እየወደቀ፣ ለልጆች ሆድ ብላ ዝም ስትል ያየኋት እኔ ነኝ። እናትነት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን እንደሆነ ንገሩኝ። ሁለተኛ ይህ ወሬ ቤቴ ውስጥ እንዳይነሳ።» አልተነሳም። ሐጃ ካረፉ እነሆ ጥቂት ዓመታት ሆኗል፤ አሁንም የሚያነሳው የለም።

ቅዳሜ የወንድሜ ልጆች ሽክርክሪት ላይ ሆነው እጃቸውን ሲያውለበልቡልኝ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ይህን ሁሉ አሰብኩ። ሲመሽ ደክሟቸው ትንሿን አዝዬ ነው የተመለስነው፤ አንገቴ ላይ ተኝታ ትንፋሿ ይሞቀኛል። ያን ቀን እናቴ «የሷ ነው፣ የበኩሯ» ስትል በኀፍረት አንገቴን ደፍቼ ነበር ያለፍኩት። በሕይወቴ እንዲህ የተባለልኝ ያን ቀን ብቻ መሆኑን ባውቅ ኖሮ፣ ቀና ብዬ እቆም ነበር።