ጋሽ ታፈሰ የሚያሳድዱት አውሬ

ልጅ ሳለሁ ሰው አላምንም ነበር፤ ከሁሉ የማላምነው ደግሞ ጎረቤታችንን ጋሽ ታፈሰን ነበር። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ያኔ ቦንጋ ዘንቦ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ እኛ ቤት ይመጡና፣ እናቴ በቆሎ እሸት ከምትጠብስበት ማንደጃ አጠገብ ተቀምጠው፣ ጫካ ውስጥ ስለታየ አንድ እንግዳ አውሬ ይተርኩልን ነበር። ከነብር ይበልጣል፣ ከአንበሳ ያንሳል፣ ስም የለውም። ወሬውን ከሺሺንዳ ገበያተኛ፣ ከቢታ ገነት ሹፌር እየለቀሙ በወፍራም ደብተር ይጽፋሉ፤ ሲሞላ አዲስ አበባ ላሉ ተመራማሪዎች ሊልኩት ነው። አባቴ አፉን ከፍቶ ይሰማል። እኔ ግን በፋኖሱ ብርሃን ፊታቸውን ሰርቄ እያየሁ፣ «እኚህ ሰውዬ ከራሳቸው እየፈጠሩ ነው» እላለሁ በሆዴ።

ምስክር ሲጠይቁ አንድ ሕግ ነበራቸው። «ምን አዩ ብሎ መጠየቅ ነው እንጂ እንዲህ ያለ አይተዋል ወይ አይባልም» ይሉ ነበር።

ልፈትናቸው አሰብኩ። ውሸታም ውሸታምን መቼም ያውቃል ብዬ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አውሬውን አየሁት፣ ጅራቱ ነጭ ነው አልኳቸው። ይስቁብኛል ስል ደብተራቸውን ገልጠው ጻፉት። ሰውዬው የምራቸውን ነበር! ደነገጥኩ፤ ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በሳምንቱ ጋሽ ታፈሰ ከማንኪራ ማር ለገበያ ያመጡ ንብ አናቢ ይዘው መጡ። እናቴ እሸት ሰጠቻቸው። ንብ አናቢው ቀስ ብለው ጀመሩ፦

«ቀፎ ልሰቅል ዛፍ ላይ ነበርኩ። ከሥሬ አንድ ነገር አለፈ…»

ጋሽ ታፈሰ አላስጨረሷቸውም። «ጅራቱስ? ነጭ ነበር?»

ንብ አናቢው እጃቸው ላይ ያለውን እሸት አዩ። እንግዳ አድርጎ ይዞት የመጣን ሽማግሌ ማን ያሳፍራል? «አዎ ጋሼ፣ ነጭ ነው» አሉ መሬት መሬት እያዩ።

«ይኸው ሁለት ምስክር! ነገውኑ እልከዋለሁ!»

አልቻልኩም። «ውሸቴን ነው! እኔ ምንም አላየሁም!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ ታፈሰ አልተቆጡኝም፤ ወደ እንግዳው ዞሩ። «እርስዎስ?»

«እርስዎ ሲሉ ጊዜ ነው እንጂ… ጅራቱን ልብ አላልኩም።»

ያኔ ደብተራቸውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ማገላበጥ ያዙ። «ስንቱን እንዲህ ጠይቄው ይሆን?» አሉ ለራሳቸው። ደብተሩን አልላኩትም፤ ከዚያ ወዲያም መብራት ሲጠፋ እኛ ቤት መምጣት ተዉ።

የጠረጠርኩት ሰው ንጹሕ ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። መጠራጠሬን አልተውኩም፣ አሁን ግን መጀመሪያ ራሴን እጠረጥራለሁ። ከሁሉ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ምሽት ሁላችንም በእኔ ውሸትና በሳቸው ደብተር ተይዘን ሳለ፣ ንብ አናቢው ተነሥተው በዝናቡ ወጡ፤ ከዛፉ ሥር ያለፈው ምን እንደነበር የጠየቃቸው ሰው የለም።