ሁለተኛው ድንኳን

በዚያ ዘመን «ድርጅት» ሲባል ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር። «ድርጅቱ ወስኗል»፣ «ድርጅቱ አቅጣጫ ሰጥቷል» ሲባል የትኛው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ስለዚህ ወረዳው ቆሻሻን ለመቀነስ በሚካሄደው ንቅናቄ «ድርጅቶች በሙሉ እንዲሳተፉ» የሚል ጥሪ ለእድራችን ሲልክ ዳኛው ግር አላቸው። ዳኛ የምንለው የእድሩን ሰብሳቢ ነው። ከባቡር መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ከቤት የማይወጡ ሽማግሌ ነበሩ።

«እድር ድርጅት ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው መጻፍ አያቅተውም ተብሎ የተጫነብኝ ሥራ ነው።

«መዋጮ የሚሰበስብ ሁሉ ድርጅት ነው» አልኳቸው። አልሳቁም።

ስብሰባው አቃቂ፣ በወረዳው አዳራሽ ነበር። የፋብሪካ ተወካዮች፣ የትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ሰዎች፣ የእድር ዳኞች ተጠርተዋል። ሁላችንም «ባለድርሻ አካላት» ተባልን። ድርሻችን ምን እንደሆነ ለመገመት በየፊታችን የተደረደረውን የታሸገ ውሃ ማየት ይበቃ ነበር። የወረዳው ባለሙያ ቅን ወጣት ነበር። የወንዙን ፎቶ በግድግዳው ላይ እያሳየ ከልቡ ተናገረ። ከዚያ ቃል መግባት ተጀመረ። አንዱ ፋብሪካ ባነር አሠራለሁ አለ። ሌላው ቲሸርትና ኮፍያ። ባነሩም ቲሸርቱም ከወር በኋላ የት እንደሚጣል አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ባነሳበት፣ ቲሸርቱ በትልቁ ቁጥር ይኖር እንደሆነ መልሶ ጠየቀኝ።

ዳኛው ተነሡ።

«እኛ ቲሸርት የለንም። ድንኳን አለን። እሱም በስብሷል።»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ባለፈው ክረምት ከእድሩ ዕቃ ቤት ጀርባ ያለው ቦይ በባዶ ላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኖ ጎርፉ ወደ ውስጥ ዞረ፤ ድንኳናችን ውሃ ውስጥ ሰነበተ። «ቦዩን የደፈነው ሌላ ሰው አይደለም» አሉ ዳኛው። «በየለቅሶው እኛው ያደልነው ነው። ሬሳ በሸኘን ቁጥር ቦዩን ስንደፍን ኖረናል። ከእንግዲህ እኛ ድንኳን ሃይላንድ አይገባም።»

ተጨበጨበ። ባለሙያው እዚያው «ሞዴል እድር» ብሎ ሰየመን። አባላቱ እንዳልተጠየቁ በጆሯቸው ሹክ አልኳቸው። «ይጠየቃላ» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተጠየቁ፤ በሃይላንድ ፈንታ ውሃ ከበርሜል እየተቀዳ በእድሩ የቆርቆሮ ኩባያ ይቅረብ ተባለ። አጥብቆ የተቃወመው ቃሊቲ ላይ ብረትና ሲሚንቶ የሚነግደው ጎረቤታችን ነበር። ለጋስ ሰው ነው፤ ችግር ላይ ቀድሞ የሚደርስ። እንግዳ ግን ማክበር ይወዳል።

«አባባ፣ ከመርካቶ ድረስ የመጣ ሰው በጣሳ ላጠጣ?»

«ጣሳ አይደለም፣ ኩባያ ነው» አሉ ዳኛው።

«የተላላጠ ነው እኮ! ሥሩ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ብቻ ነው የቀረው።»

«እሱ እንዳይሰረቅ የቀባነው ምልክት ነው።»

«ማን ይሰርቀዋል እሱን?»

«ለመሆኑ ያንተ እንግዳ አፉ ልዩ ነው?» አለች አንዲት ሴት፤ ተሳቀ፣ በሳቁ መሃል እጅ ወጣ፣ ደንቡ ጸደቀ። ከመቼ ጀምሮ ተባለ። ከሚቀጥለው ለቅሶ ጀምሮ አሉ ዳኛው። ከኋላ አንዱ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ማን ይመርቅልን?» አለ።

ዓይን ሁሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እኔን አትዩኝ፣ ጡረታዬን ገና በልቼ አልጠገብኩም» አሉ ዳኛው። ከሁሉ በላይ የሳቀው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጣ፣ ደረቱን የጥጥ ብናኝ የጎዳው ሰው ነበር። እስኪያስለው ሳቀ።

የመረቀልንም እሱ ነው።

የቀብሩ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሚስቱ ዳኛውን በር ላይ አቆመቻቸው። ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው የነበራቸው፤ ሀብታቸው ሰው ማክበራቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ከኔ ባል ነው የሚጀመረው?»

«ሞት ተራ አይጠብቅም፣ ልጄ።»

«ለሌላው ሁሉ ሃይላንድ፣ ለኔ ባል ጣሳ። ድሃ ስለሆንኩ ነው፣ አይደል?»

«ደንቡ ለሁሉም ነው።»

«ለሁሉም መሆኑን በምን ልወቅ? እስካሁን የሞተው የኔው ነው።»

ዳኛው ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔ እንደሁ ደንቡን ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም ነበር። ከላይ የሚመጣ ንቅናቄ ሁሉ ቀድሞ የሚያንቀሳቅሰው ከታች ያለውን ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። የዛሬው ከላይ ብቻ እንዳልመጣ፣ የበሰበሰው ድንኳን የራሳችን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ለእሷ ይለቀቅላት ቢባል ደንቡ እዚያው ሞተ ማለት ነው። ካልተለቀቀላት ደግሞ ባሏ የተዋረደ ይመስላታል።

አልተለቀቀላትም። በርሜል ተተከለ፣ ኩባያዎቹ ታጥበው ተደረደሩ። ሰው ንፍሮውን ቃመ፣ ውሃውን ጠጣ። ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ምነው፣ ውሃ እንኳ አጡ?»

«እድሩ ከልክሎ ነው አሉ።»

«እድሩ? እነዚያ ባለጸጎቹ ሲሞቱ የት ነበር?»

ሚስትየው ሰማች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች።

በሰልስቱ ባለሙያው ከካሜራ ያዥ ጋር መጣ። የተጠቀለለ ባነር ይዘዋል፤ የድንኳኑ ግንባር ላይ ሊሰቅሉት ነው። «ተሞክሯችሁን ልንቀምር ነው» አለን። የሰው ለቅሶ ተሞክሮ መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። ካሜራ ያዡ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር፤ ቀጥታ ወደ ሐዘንተኛዋ ሄደና ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ ኩባያዋን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ።»

ኩባያው እጇ ላይ ነበር። ልታነሳው ነው፣ ልትወረውረው ነው፣ እንጃ። ዳኛው መሃል ገብተው መዳፋቸውን ካሜራው ላይ አደረጉ።

«ልጄ፣ እዚህ ሰው ሞቷል።»

«አባባ፣ ለሌሎች እድሮች ትምህርት እንዲሆን ብለን ነው» አለ ባለሙያው።

«ይሁን። ከቢሮአችሁ ሰው ሲሞት አንሱ፣ እንማርበታለን።» ከዚያ ወጣቱ እጅ ላይ ያለውን የተጋመሰ የታሸገ ውሃ አዩ። «እሱንም ውጭ ጣልልኝ።»

ልጁ ቀላ። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ በነገሩ ከልባቸው ያመኑት እሱና ዳኛው ብቻ ነበሩ። ባነሩን እንደተጠቀለለ ይዘው ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት ንቅናቄው ሌላ ሆነ፤ ቆሻሻን ያነሳልን አልነበረም። ቃል የተገባው ቲሸርት ግን ታደለ። አሁንም ቃሊቲ ውስጥ መኪና ሲታጠብበት ይታያል።

ሴትየዋ ከእድሩ ራቀች። መዋጮዋን በጎረቤት ትልካለች፣ ሌላ ሰፈር ለቅሶ ስንሄድ ብቻዋን ቀድማ ደርሳ ትመለሳለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቷን ትነቀንቃለች እንጂ ቆማ እንደ ድሮው አትጠይቅም። አንድ ቀን ከሳሪስ አቦ ከዳኛው ጋር ስንመለስ ሳይጠየቁ ተናገሩ።

«የመጀመሪያው ለቅሶ ምንም አይደለም። በመጀመሪያው ላይ ማንም መጫን ይችላል። የሚፈርድብን ሁለተኛው ነው።»

ከዚያ በኋላ የኖርነው ክፉ ኑሮ ነው። ጎረቤት ሲያስል ዞር ብዬ አያለሁ። ሁለተኛውም ድሃ ከሆነ ምንም አይለወጥም፤ ደንቡ የድሃ ደንብ ሆኖ ይቀራል። የባለጸጋ ሞት ተመኘሁ አልልም። ማን እንደታመመ ስሰማ ግን መጀመሪያ የማስበው ስለ ኑሮው ሆነ።

የነጋዴው አባት ሞቱ።

ዕድሜ የጠገቡ፣ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ የነበሩ ሰው ናቸው። የለቀስተኛው መኪና እስከ አስፋልቱ ተሰለፈ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ዳኛው በርሜሉ ጎን ቆሙ። ነጋዴው ጋቢ ለብሶ ከውስጥ ተቀምጧል። ማንም ደንቡን አላነሳም። እኔም ጸሐፊ ነኝ ብዬ ሐዘንተኛን ደንብ ለማስታወስ አልደፈርኩም።

ሴትየዋ መጣች። ጥቁሯን ገና አላወለቀችም። ወደ ሴቶቹ አልሄደችም። በርሜሉ ዘንድ በኩባያ ውሃ ትቀዳ ከነበረችው ልጅ ትሪውን ተቀበለችና ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመች። እዚያ ለቆመ ሰው መንገዱ በሙሉ ይታያል።

ብዙም ሳይቆይ የነጋዴው ታናሽ ወንድም ከመርካቶ በጭነት መኪና ደረሰ። ላዩ ላይ የታሸገ ውሃ በካርቶን እስከ አፉ ተጭኗል። ወዛደሮቹ ተንጠላጠሉ።

«ይውረድ?» ብሎ ጮኸ ወንድምየው። ነጋዴው ወጣ።

«ቆይ» አለ።

«ምን ቆይ አለው? ፀሐዩን አታይም? ሰው ጠምቶታል።»

«ውሃ አለ።»

ወንድምየው የሴትየዋን ትሪ አየ። «ይሄ ጣሳ?»

ነጋዴውም ወደዚያው ዞረ። የሴትየዋ ፊት የሚለምን አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሃል እሷን ብቻ ለረጅም ጊዜ አያት።

«ኩባያ ነው» አለ። «መኪናውን መልሰው።»

«አብደሃል? የአባታችን ለቅሶ ነው! ሰው ምን ይላል?»

«ለሷ ባል ያለውን ይበል።»

ወንድምየው በሩን በኃይል ዘግቶ መኪናውን አዞረ። ሴትየዋ አንዱን ኩባያ አነሳችና በሁለት እጇ ለነጋዴው ሰጠችው። ቆሞ እስከ መጨረሻው ጠጣና መለሰላት። ትሪውን በርሜሉ ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ሴቶቹ ገባች። ለቅሶዋን በሟቹ ሽማግሌ ጀመረች፤ ጥቂት ቆይታ የባሏን ስም አስገባች። በራሱ ድንኳን ውስጥ እንዲህ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችለትም ነበር። ሴቶቹ ተቀበሏት።

ዳኛው ፊታቸውን ወደ በርሜሉ አዙረው ቆዩ። ትሪውን የሚያነሳ ስላልነበረ እኔ አነሳሁት።