ከሚሴ ውርጭ አይወርድም

የቲማቲም ቅጠል ሽታ ልብስ ላይ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ዛሬም ኅዳር ገብቶ ማለዳው ቀዝቀዝ ሲል፣ ያ ሽታ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አፍንጫዬ ሥር ይደርስና የቤታችን ብርድ ልብስ ሁሉ ቲማቲም ቲማቲም ወደሚሸትበት ሳምንት ይመልሰኛል።

እናቴ ፋጡማ የደጋ ልጅ ነበረች። አባቴን አግብታ ወደ ከሚሴ ከወረደች ጀምሮ የአባቴ እኅት ዘሃራ «ደገኛዋ» እያለች ትቀልድባት ነበር። ክረምት ላይ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሲጎድል ደለል የሚተኛበት አንድ ዝቅ ያለ ቁራሽ መሬት ነበረን፤ አባቴ ለማሽላ አይሆንም ብሎ ስለተወው እናቴ «እንግዲያው ለእኔ ስጠኝ» ብላ ተቀበለችው።

መስከረም ሲጠባ ቲማቲም ተከለችበት። እሱን ሸጣ ከሰንበቴ ገበያ አንዲት ጊደር ልትገዛ ነበር ሐሳቧ። በቤታችን ያሉት ከብቶች ሁሉ የአባቴ ስለነበሩ የራሷ ላም እንዲኖራት አጥብቃ ትመኝ ነበር፤ ገና ሳትገዛት ስም እንኳ አውጥታላት ነበር።

ጥቅምት አልፎ ቲማቲሙ አረንጓዴ ፍሬ እንደተሸከመ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራዲዮኑ የሳምንቱን የአየር ጠባይ ሲናገር በደጋው ቅዝቃዜው እንደሚበረታ፣ በአንዳንድ ቦታዎችም ውርጭ ሊጥል እንደሚችል አስታወቀ። እናቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀምጣ ብድግ አለች።

«ሰይዶ፣ ሰማህ?»

«ደጋ ነው ያለው እኮ!» አለ አባቴ። «ከሚሴ ውርጭ አይወርድም። ተወልጄ ያደግሁበት አገር ነው።»

«ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ብርድ ይተኛል። ሰማዩን አላየኸውም? አንድ ደመና የለበትም፤ ነፋሱም ጸጥ ብሏል።»

ዘሃራ ከደጃፏ ሆና ሳቀች። «ማል ታቴ ፋጡማ? ምን ሆነሻል? ደጋውን ጠቅልለሽ ይዘሽው ነው እንዴ የመጣሽው?»

እናቴ ሰው ስለሳቀባት የምትመለስ ሴት አልነበረችም፤ ኧረ እንዲያውም ይብስባት ነበር። ቲማቲሙን የምትሸፍንበትን ገለባ ከብቶቹ ጨርሰውት ስለነበር ቤት ገብታ ብርድ ልብሱን፣ አንሶላውን፣ ምንጣፉን፣ ለእንግዳ ብላ ያስቀመጠችውን አልጋ ልብስ ሳይቀር አውጥታ፣ እኔንና እኅቴን አሸክማን ወረደች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቲማቲሙን መደብ በመደብ ስናለብስ ቆይተን ጨርቁ አለቀና ሁለት መደብ ራቁቱን ቀረ። ያቺ ጠንካራ እናቴ አፈር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም ስታለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ደንግጬ አብሬያት አለቀስኩ።

አባቴ የመግሪብን ሶላት ሰግዶ ሲመለስ በዚያ በኩል መጣ። እናቴን ስታለቅስ አያት። ከዚያ የለበሰውን ጋቢ ገፎ አንደኛው መደብ ላይ ዘረጋው፤ ቤት ደርሶም የሚተኛበትን ቡልኮ አምጥቶ ሌላውን አለበሰው።

«ውርጭ የለም፤ ወላሂ የለም» ይል ነበር፣ የጋቢውን ጫፍ በድንጋይ እየጫነ። «አንቺ እንቅልፍ እንዲወስድሽ ብዬ ነው።»

እኛ ልጆቹ ተቃቅፈን ተኛን፤ እሱ ደግሞ ሸሚዙ ላይ ጆንያ ደርቦ ተኛ።

ሲነጋ ሣሩን በውርጭ ነጭ ሆኖ አገኘነው። ፀሐይ ስታርፍበት የጎረቤቶቻችን ቲማቲም የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ጠቁሮ ተኛ፤ የእኛን ግን ጨርቁን ገለጥ ስናደርገው ፍሬው እንዳለ ነበር። እናቴ «አልሃምዱሊላህ! አልሃምዱሊላህ!» እያለች ከመደብ መደብ ትሮጥ ጀመር። አባቴ ጎንበስ ብሎ ነጩን ሣር በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ይኼማ መንገድ ጠፍቶት የመጣ ነው» አለ። ተሸነፍኩ ማለት አይሆንለትም ነበር። ዘሃራ እንኳ ያን ቀን አልሳቀችም፤ ልብሱን አብራን ስታጥብ ዋለች።

በጋው ሲገባ እናቴ ጊደሯን ገዛች፤ ከሰንበቴ እየነዳ ያመጣላት አባቴ ነበር።

ዛሬ እኔም በዚያው መሬት ላይ ቲማቲም እተክላለሁ። የአየሩ ትንበያ በስልክ ይደርሰናል፤ ባለቤቴም ገና መልእክቱን እንዳነበበ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ መሸፈኛ ላስቲኩን ተሸክሞ ይወርዳል። ከእናቴ ጊዜ እጅግ ይሻላል፤ ይህን አልክድም፤ ባለቤቴም ደግ ሰው ነው። እሱ ግን ውርጭ እንደሚጥል አምኖ ነው የሚወርደው። አባቴ ውርጩንም አላመነ፣ እናቴንም አላመነ፤ ጋቢውን ግን ሰጣት።